በደረቴ ላይ የአያቴ ስም

ባለፈው ሳምንት የአባቴን ነጭ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ልጁን ሊድር ነው፤ አባቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለሆነ ኮሌታው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ፈለገ። እናቴ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለው መደርደሪያ የአሚዶ ስፕሬዩን አውርዳ ሰጠችኝ። ኮሌታው ላይ ነፍቼ ካውያውን ሳሳርፍበት ያ ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ወጣ። የሩዝ ድስት ገንፍሎ ምድጃ ላይ ሲፈስ የሚሸተው ዓይነት ነው፤ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ትንሽ ጉሮሮ ይይዛል። ካውያውን አንሥቼ ቆምኩ።

«ምነው፣ አቃጠልሽው?» አለች እናቴ።

«አላቃጠልኩትም።»

«ታዲያ ምን ያስቆምሻል?»

አልነገርኳትም። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከእራት በፊት፣ ቤታችን በሙሉ ይህን ነበር የሚሸተው። ረቡዕ ዩኒፎርም የምንለብስበት ቀን ነበርና።

በዚያ ዓመት ከሰው ጋር ላለመነጋገር የማላደርገው ነገር አልነበረም። ካፌቴሪያ ውስጥ የምፈልገውን መጠየቅ ስለሚያሳፍረኝ ከፊቴ የቆመው ልጅ የወሰደውን እወስድ ነበር። ያ ልጅ ቱና ሳንድዊች ይወድ ስለነበር እኔም እስከ ኅዳሩ የታንክስጊቪንግ በዓል ድረስ ቱና ስበላ ቆየሁ። ከሁሉ የሚከፋው ግን የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህሩ ሁለት ልጆች አውጥቶ ቡድን ምረጡ ይላቸዋል። እኔ መጨረሻ ላይ ግድግዳ ተደግፌ እቀራለሁ፣ ሁለቱም «እናንተ ውሰዷት» ይባባላሉ።

የትምህርት ቤቱ አማካሪ የባሕር ኃይል ካዴት ክፍል ብወስድ ስፖርት እንደሚቀርልኝ ነገረችኝ። ስለ ባሕር ኃይል ምንም አላሰብኩም። በክፍሉ በር መስታወት አሾልቄ ሳይ ልጆቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሰዋል፤ ማንም አያወራም። መራጭ የለም፣ ተመራጭ የለም። ይህማ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ክፍል ነው ብዬ ገባሁ። የዚያን ያህል የተሳሳትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ዩኒፎርም ለመውሰድ ወላጅ መፈረም ነበረበት። አባቴ ኦቤትስ ካለው መጋዘን ሥራ ውሎ ገብቶ፣ ቢጫ ሰደርያውን ሳያወልቅ እራት እየበላ ነበር።

«ባሕር ኃይል?» አለ። «ኦሃዮ ባሕር አላት እንዴ?»

«እኛስ አገር ባሕር ሳይኖር ባሕር ኃይል አለ ይባል የለ?» አለች እናቴ።

እሱ ግን አልሳቀም። «ወታደር ነው?»

«ኢትስ ጀስት ኤ ክላስ፣ አባዬ።»

«በአማርኛ ንገሪኝ።»

«ክላስ ነው። ማንም የትም አይወስደንም።»

«እነሱም የትም አንወስዳችሁም ብለው ነበር» አለና ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሣ። እነሱ እነማን እንደሆኑ አላወቅኩም። የመጋዘኑ አለቆች መስለውኝ ነበር።

እናቴ ናት ኋላ ልብስ እያጣጠፈች የነገረችኝ። አባቴ ግርማ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። በደርግ ጊዜ ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጫወቱ አፈሳ መጣ፤ ትልልቆቹን ጭነው ሄዱ። ግርማ አንድ ጊዜ ለፈቃድ ተመልሶ ነበር። ያኔ ትንሽ ልጅ የነበረው አባቴ የወንድሙን ኮፍያ አድርጎ ሰፈሩን ሲዞርበት ዋለ። ግርማ በማግስቱ ኮፍያውን ይዞ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

«እኔ ግን ጦርነት አልሄድም» አልኳት።

«እሱም ያውቃል። ልቡ ነው የማያውቀው» አለች።

በማግስቱ አባቴ ጠራኝ። በስፕሪንግ፣ ብርዱ ሲያልፍ፣ ወላጆች የሚጋበዙበት ኢንስፔክሽን የሚባል የሰልፍ ምርመራ እንዳለ ከእናቴ ሰምቷል። «እስከዚያ ተማሪ። ሳይን አደርግልሻለሁ» አለ። «ግን መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። አይቼ አይሆንም ካልኩ፣ አይሆንም ነው። ያን ጊዜ ለቅሶ የለም።»

«እሺ።»

«ተስማማን?»

«ተስማማን» አልኩ። ያን ጊዜ ምንም የማጣ አልመሰለኝም ነበር። ገና አልወደድኩትም ነበራ።

መጀመሪያ ላይ ባሕር ኃይል ከተባለ መቼም አንድ ቀን ባሕር ውስጥ ሊከቱን ነው ብዬ አምኜ ነበር። ኮለምበስ ያላት ወንዝ ነው፣ እሱም በበጋ ዳክዬ ቆሞ ይሻገረዋል። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ በባስ ጭነው ይወስዱናል ብዬ ደመደምኩ። መዋኘት አልችልም። ለማንም ሳልናገር የመታጠቢያ ገንዳውን እየሞላሁ፣ ትንፋሼን ይዤ ጭንቅላቴን መንከር ጀመርኩ። እናቴ በሩን ታንኳኳለች።

«ቤተል፣ ምንድነው ጸጥ ያልሽው? ሰጠምሽ እንዴ?»

«አይም ፋይን» እላለሁ፣ ውኃ በአፍንጫዬ እየወጣ።

ይህን የነገርኩት ለሀምዲ ብቻ ነው። ሀምዲ አጠገቤ የምትሰለፍ ሶማሌ ልጅ ናት፤ ኮፍያዋን ከጥቁር ሂጃቧ በላይ ትደፋለች፣ አፏ አያርፍም። በማግስቱ እጇን አውጥታ መምህራችንን ጠየቀችልኝ።

«ቺፍ፣ ወልዴ መቼ ነው የምንሰጥመው እያለች ነው።»

መምህራችን ከባሕር ኃይል በጡረታ የወጡ፣ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። በማዕረጋቸው ቺፍ ብለን ብቻ እንጠራቸዋለን። ድምፃቸው ዝቅ ሲል ነበር የሚያስፈራው። «ወልዴ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እዚህ ክፍል ውስጥ የሚያረጥብሽ ላብሽ ብቻ ነው።»

ወልዴ የተባልኩት እኔ ነኝ። ወልዴ የአያቴ ስም ነው። ወደ አሜሪካ ስንመጣ የአባቴ አባት ስም የሁላችንም የመጨረሻ ስም ሆኖ ቀረ፤ እናም ዩኒፎርሙን ስረከብ በቀኝ ደረቴ በኩል «ወልዴ» የሚል ጥቁር ሰሌዳ ሰጡኝ። ቀኑን ሙሉ ወልዴ ቀጥ በዪ፣ ወልዴ ጫማሽን ጥረጊ ይሉኛል። በፎቶ እንጂ በአካል የማላውቀው ሽማግሌ በቆሸሸ ጫማ ሲሰደብ የሚውል ይመስለኝና እሱን ላለማሰደብ ጫማዬን ደጋግሜ እወለውላለሁ።

አባቴም መጋዘን ውስጥ የሚጠሩት እንዲሁ ነው። «ቀኑን ሙሉ አባቴን ሲጠሩ ይውላሉ፣ አቤት የምለው እኔ» ይላል።

ዩኒፎርሙ ሰፍቶኝ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ስለሚመለስ መቁረጥ አይቻልም። እናቴ ወገቡን ከውስጥ አጥፋ፣ በማይታይ ስፌት በእጇ ሰፋችው። እየሰፋች መርፌውን በአፏ ይዛ «ዙሪ፣ ዙሪ» ትለኛለች። አባቴ በአጠገባችን ሲያልፍ ወደ ስልኩ ያይ ነበር። የመኝታ ክፍሌ በር ላይ የተሰቀለውን ዩኒፎርም አንድም ቀን ቀና ብሎ አላየውም።

ትልቁ ችግሬ ዓይኔ ሆነ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ ዓይን ዓይኑን አይታይም። ዝቅ ማለት ነው፣ ጨዋነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአባቴ ስም «የደረጀ ልጅ አንገቷን የደፋች ናት» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ቺፍ ሊመረምሩን ከፊታችን ሲቆሙ ታዲያ እኔ ጫማቸውን አያለሁ።

«ወልዴ፣ ጫማዬ ላይ ምን ተጽፏል?»

«ምንም፣ ቺፍ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታነቢው?»

ሀምዲ ሳቋን ስትይዝ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቺፍ የምደብቀው ነገር ያለ መስሏቸው ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ቀና ብዬ ባያቸው የሚቆጡ ይመስለኛል። ብዙ ሳምንት እሳቸው ቀና በዪ ሲሉኝ፣ እኔ ይበልጥ ሳከብራቸው ቆየን። በመጨረሻ ከበስተኋላቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የመርከብ ሥዕል አገኘሁ። እሳቸው ሲናገሩ እኔ የመርከቧን ጭስ ማውጫ አያለሁ። «ጎበዝ» አሉኝ። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ከጭስ ማውጫው ወደ ግንባራቸው፣ ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው ወረድኩ። ቡናማ ነበር፤ ቁጣ የለበትም።

ችግሩ ዓይኔ ቤት ስገባ አልመለስ አለ። ከቤተ ክርስቲያን እናቶች አንዷ እትዬ አስቴር አንድ እሑድ ሲመክሩኝ ቀጥ ብዬ አየኋቸው። ምክራቸውን አቋርጠው፣ «ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

ረቡዕ ማታ የጸሎት ጉባኤ ስላለ ከትምህርት ቤት በዩኒፎርሜ በቀጥታ እሄድ ነበር። ዎርዝንግተን ካሉ ፈረንጆች በተከራየነው አዳራሽ በር ላይ መጀመሪያ ያዩኝ እኚሁ እትዬ አስቴር ናቸው።

«ቤቲ፣ ኤርላይን ተቀጠርሽ?»

«አይ፣ የሴኩሪቲ ነው» አሉ ወንበር የሚደረድሩ አንድ ጋሼ። «ኤርፖርት ነው የምትሠሪው?»

«አሥራ አራት ዓመቷ ነው» አለች እናቴ።

«ታዲያ በዚህ ዕድሜዋ ምን ትጠብቃለች?» አሉ ጋሼ።

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። አባቴ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱሱን ይገልጥ ነበር። ዞር አላለም።

በክረምቱ መሃል፣ በረዶው መስኮቱ ሥር ተቆልሎ ሳለ፣ ቺፍ ስም ጠሩ። የአንደኛ ዓመቶቹን ፕላቱን፣ የእኛን ሰልፈኛ ቡድን፣ በኢንስፔክሽኑ ቀን የሚያዝዝ አንድ ልጅ ያስፈልጋል። ማን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን ብለን ነበር፤ ድምፁ እንደ በሬ የሆነ አንድ ልጅ ነበረና።

«ወልዴ» አሉ።

ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ሌላ ወልዴ የለም።

«ቺፍ፣ እኔ… መናገር አልችልም።»

«እስካሁን አንድም እርምጃ ያልሳትሽ አንቺ ብቻ ነሽ። የሰልፉን ቅደም ተከተል ታውቂዋለሽ። መናገር ይለመዳል። ካልተለመደ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ነገር አስደነገጠኝ። ለሌላ ሰው እንዲሰጡት አልፈለግሁም። በሕይወቴ መጀመሪያ የተመረጥኩበት ቀን ነበር። በዚያው ቅጽበት ደግሞ አባቴ ትዝ አለኝ። ኢንስፔክሽኑን አይቶ ነው የሚወስነው፤ እሱ የሚያየው ደግሞ አሁን እኔን ሆነ። ድምፄ ባይወጣ፣ «አየሽ፣ ያንቺ ቦታ አይደለም» ሊለኝ ነው። እኔም ተስማማን ብያለሁ።

የመጀመሪያው ልምምድ ጂም ውስጥ ነበር። ፎርዋርድ ማርች አልኩ፤ ፊት ያሉት ሰምተው ተንቀሳቀሱ፣ የኋላዎቹ ፊተኞቹን አይተው ተከተሉ። እስከዚያ ጥሩ ነበር። ግድግዳው ሲቀርብ ቁሙ ለማለት ሆልት አልኩ። ማንም አልሰማም። ደግሜ አልኩ። ፕላቱኑ እንደተሰለፈ ሄዶ ከታጠፈው የተመልካች ወንበር ጋር ተፋጠጠ። ሀምዲ ከፊት ነበረች። ደረቷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፣ እግሯን በቦታዋ እያነሣች እየጣለች፣ «ወልዴ! ልንሰጥም ነው!» ብላ ጮኸች። ቺፍ ሊያስቆሟቸው ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን አጣምረው እኔን ያዩ ነበር። ሄጄ ትከሻ ትከሻቸውን ነክቼ አስቆምኳቸው።

ቤት ገብቼ የልብስ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ኮቶቹ መሃል ቆሜ መለማመድ ጀመርኩ። እናቴ በሩን ከፈተችው።

«ማንን ነው የምትለምኚው?»

«ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እናቴ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንት ስትንከባከብ የምትውል፣ እዚያ ስታወራ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ረቡዕ ማታ ስትጸልይ ግን የአዳራሹ መስኮት ይነዝራል፤ ፈረንጆቹ አንድ ጊዜ ሰው ታመመ ብለው ሮጠው መጥተዋል።

«እኔ ስጸልይ ሰምተሽኛል አይደል?» አለች። «አንድም ቀን ጉሮሮዬን አሞኝ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ለምን መሰለሽ? ከጉሮሮዬ አይደለማ።» እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። «ጌታ ሆይ!» አለች። ኮቶቹ መሃል ነን። ሆዷ እንደ ከበሮ ገፋኝ። «እዚህ ነው የሚነሣው። አፍሽ በር ብቻ ነው፣ ከፍተሽ ታስወጪዋለሽ። አታፍሪ። እኔ እግዚአብሔር ፊት ያላፈርኩትን አንቺ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ታፍሪያለሽ?»

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ቀደም ብለን እየሄድን፣ ባዶው የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ እለማመድ ነበር። ፕላቱኔ እናቴ ናት። የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ትሰለፋለች። ራይት ፌስ ስላት ወደ ግራ ትዞራለች።

«ቀኝሽ በዚህ ነው እማዬ።»

«አንቺ እዘዢ፣ እኔ ራሴ አውቃለሁ።»

አባቴ መስኮቱን ዘግቶ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል፤ ስልክ እያናገርኩ ነው ይላል። አንድ ቀን ግን እናቴን ሆልት ብዬ አስቁሜ ቀና ስል፣ ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ተቀምጧል። በመስታወቱ ውስጥ ወደ እኛ እያየ ነበር። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ሬድዮውን ከፈተ።

ኢንስፔክሽኑ ማክሰኞ ዋለ። ጂሙ የወለል ሰም ይሸት ነበር፣ እኛ ደግሞ አሚዶ። ሁላችንም ስለነፋን አንዳችን ከሌላችን ጋር ስንነካካ ልብሳችን እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ሀምዲ ከኋላዬ መጥታ፣ «ግድግዳ ጋ ከወሰድሽን በሶማሊኛ ነው የምሰድብሽ» አለችኝ።

አባቴ ከሥራ በቀጥታ መጣ። ቢጫ ሰደርያው ላይ የመጋዘኑ መታወቂያ ተንጠልጥሏል። ቺፍ በር ላይ ወላጆችን እየተቀበሉ ነበርና እጃቸውን ዘረጉለት። አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ፣ ጫማ ጫማቸውን እያየ ጨበጣቸው። ከዚያ ከአባቴ ራስ በላይ፣ በጂሙ ማዶ፣ እኔን ፈልገው አገኙኝ። ፈገግ አሉ። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

አባቴ ላይኛው ደረጃ ላይ፣ ለመውጣት በሚመች ጠርዝ ተቀመጠ። እናቴ ከአጠገቡ ነበረች።

መርማሪዋ ፀጉራቸው የነጣ፣ ቀጭን የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። ቺፍ ከጂሙ መሃል ቆመው፣ ጣሪያው እስኪያስተጋባ፣ «ወልዴ!» ብለው ጠሩ።

አባቴ ብድግ አለ።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ነው። እንደ መጋዘኑ፣ አለቃ እንደጠራው ሰው፣ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ቆመ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እናቴ የሰደርያውን ጫፍ ይዛ ትጎትተዋለች። ጆሮዬ ጋለ። እግሬ ግን እርምጃውን ያውቀው ስለነበር ወሰደኝ፤ ከፕላቱኔ ፊት ደርሼ ዞርኩ። አሁን ፊቴ ወደ ተመልካቹ ሆነ። በልጆቹ ኮፍያ ላይ አሻግሬ የማየው ቢጫ ሰደርያውን ነበር። አባቴ ነገሩ ገብቶት፣ አፍሮ፣ ጉልበቱን አጥፎ ሊቀመጥ ጀምሯል።

የእናቴን ሆድ አሰብኩ። አፌ በር ብቻ ነው አልኩ።

«ፕላቱን! አቴንሽን!»

ማን እንደጮኸ ለራሴም ገረመኝ። ተረከዞች ሁሉ አንድ ላይ ተጋጩ። አባቴም፣ ሊቀመጥ ግማሽ መንገድ ላይ የነበረው፣ ቀና አለ። እጆቹን ከጭኑ ጋር አጣበቀ፤ አገጩን አነሣ። ልጅ ሆኖ ባንዲራ ፊት እንደቆመው ይመስለኛል፣ እንደዚያ ቆመ።

አልተቀመጠም። ወደ ቀኝ አዞርኳቸው፣ አስኬድኳቸው፣ በጥግ በጥጉ አጠፍኳቸው። ግድግዳው ሲቀርብ «ሆልት!» አልኩ፤ ከሀምዲ አፍንጫ እስከ ግድግዳው ሌላ ሰው የሚቆምበት ቦታ ተርፎ ነበር። ቢጫው ነገር ሁልጊዜ በዓይኔ ጠርዝ እንደቆመ ነው። መልሼ ወደ መሃል አምጥቼ አቆምኳቸው።

መርማሪዋ ልጆቹን አንድ በአንድ እያዩ አልፈው እኔ ፊት መጡ። ጫማቸውን አላየሁም። ሥዕልም ግድግዳው ላይ አልነበረም። ዓይናቸውን አየሁ።

«ካዴት ወልዴ፣ ያ የቆመው ሰው ማን ነው?»

«አባቴ ነው፣ ማም» አልኩ፤ ሴት መኮንን የምትጠራው እንዲህ ነው።

«ማን ቁም አለው?»

ትንሽ አሰብኩ። «እኔ፣ ማም።»

ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «እንግዲያውስ አሳርፊው» አሉ።

«ፕላቱን! ፓሬድ ሬስት!» አልኩ። ልጆቹ እግራቸውን ከፈት አድርገው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። አባቴም ተቀመጠ።

ጭብጨባው መጨረሻ ላይ ነበር የመጣው። ሀምዲ ኮፍያዬን ከራሴ ላይ አንሥታ መልሳ እየደፋች፣ «አባትሽን ፕላቱናችን ውስጥ እናስገባው፣ ከአንዳንዶቻችን ይሻላል» አለችኝ። ቺፍ በአጠገቤ ሲያልፉ ደረቴ ላይ ያለውን ሰሌዳ በጣታቸው አንድ ጊዜ መታ አድርገው አለፉ።

እናቴ ወደ ሥራ ተመለሰች፤ እኔና አባቴ ብቻ መኪና ውስጥ ገባን። ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ያሉትን ቀይ ጡብ ቤቶች እያለፍን፣ በርካታ መብራት ላይ እየቆምን ሄድን። ኮፍያዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ተስማማን ብያለሁ። ለቅሶ የለም።

«የተጠራሁት እኔ መስሎኝ ነው» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«አሳፈርኩሽ?»

«አላሳፈርከኝም። ግን እንዳልተጠራህ ካወቅክ በኋላ ለምን አልተቀመጥክም?»

«ተጠንቀቅ አልሽ አይደል እንዴ?» አለ፣ ጥያቄዬ ገርሞት።

መብራቱ ቀይ ሆነ። ዞር ብሎ አየኝ፤ ፊቴን ሳይሆን ዩኒፎርሙን። ከኮሌታዬ ጀምሮ ትከሻዬን፣ ሰሌዳውን፣ እናቴ የሰፋችውን ወገብ ቀስ ብሎ አየ። በዚያ ዓመት ሙሉ ያላየውን ያኔ አየው።

«የግርማ ሰፍቶት ነበር» አለ። «እጅጌው ጣቱን ይሸፍነው ነበር። ልጅ ነበር።» መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ እስኪያደርግ አልነዳም። «ያንቺ ልክሽ ነው።»

ወደ ውጭ አየሁ። ቤታችን መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ግን አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ሄዶ አንድ ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ገባ። በመስኮቱ ቢጫ ሰደርያው በመደርደሪያዎቹ መሃል ወዲያ ወዲህ ሲል ይታየኛል። የሚፈልገውን አላገኘም መሰለኝ ሠራተኛዋን ጠየቃት፤ በእጁ አየር ላይ የመንፋት ምልክት ሲያሳያት አየሁ።

ሲመለስ አዲስ የአሚዶ ስፕሬይ በኮፍያዬ አጠገብ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

«አልቋል ብላለች እናትሽ» አለ ቀበቶውን እያሰረ። «ነገ ረቡዕ አይደል?»